የጥብስ ቅጠልና የእማዬ ጨው

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ የቲክቶክ ቪዲዮ ላከችልኝ። የጥብስ ቅጠል ቀቅሎ በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው የመርሳት በሽታ አይዘውም ይላል። ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። እናቴ የማስታወስ ችግር እንዳለባት፣ እኔም ምግቧን በቅጠላ ቅጠል እንደማበስል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስለሚያውቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይበዛብኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አጭሩ መልስ፦ አያድንም። የመርሳት በሽታን የሚከላከልም የሚያድንም ቅጠል እስካሁን አልተገኘም። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በሶብላው፣ ኮሰረቱና የጥብስ ቅጠሉ ለእማዬ ጠቅመዋታል ብዬ አምናለሁ። የጠቀሟት ቪዲዮው በሚለው መንገድ አለመሆኑ ነው እንጂ።

እማዬ መንዝ ተወልዳ ያደገች፣ ሰባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብረን እንኖራለን። ግፊትም ስኳርም አለባት። መርሳት ስትጀምር መጀመሪያ ያስተዋልነው ቡና ላይ ነው። አንድ ወሬ ነግራን ስትጨርስ፣ ስኒዋን ሳታስቀምጥ ያንኑ ወሬ እንደ አዲስ ትጀምረዋለች። ቀጥሎ ጨው መጣ። ወጡ ላይ ጨው ትጨምራለች፣ ዞር ብላ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትጨምራለች። አንዳንድ ቀን ሽሮው አይቀመስም ነበር።

ጎረቤቶቻችን «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። ወንድሜ «ጃጅታለች» ብሎ ሰንብተን ተኳረፍን። መድኃኒት አዋቂው ግን በዛ። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር አለች፣ ሌላዋ ጤና አዳም። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ መንገደኛ አግኝታ ጂንኮ ቢሎባ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የሚሠራ እንክብል በብልቃጥ ላከችልን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብኝ፣ የተባለውን ሁሉ ከማጠጣቴ በፊት ላንብብ አልኩ።

ጂንኮው ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አረጋውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2008 ውጤቱን አወጣ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ጂንኮ ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት፣ መልኩ ብቻ የሚመሳሰል እንክብል። የጂንኮዎቹ በመርሳት በሽታ ከመያዝ አልዳኑም። አክስቴ ቅር እንዳይላት ብልቃጡን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠነዋል።

ከቅጠሉ በፊት ግን ስለ ሐኪሙ ላውራ። ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ የምታቋርጡት ከሆነ፣ ይቺን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ብታቋርጡት ይሻላል።

የነርቭ ሐኪሙ እማዬን ሳይቸኩል አነጋገራት። ቀኑን ጠየቃት። ሦስት ቃላት ነግሯት ቆየት ብሎ መልሳ እንድትነግረው አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ስለ ምግቧ ጠየቀኝ።

«እናት ይጾማሉ?»

«ያውም ሁሉንም!» አልኩት። ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ አንድም አይቀራት።

«ሜትፎርሚን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

ብዙ ዓመት፤ የስኳር መድኃኒቷ ነው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና የደም ምርመራ አዘዘ። የጠረጠረው ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ሌላ ብዙ በረከት አላቸው፤ ይህን ግን አይሰጡም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ጨጓራው ከምግብ ውስጥ ቢ12ን ፈልቅቆ የማውጣት አቅሙ ይደክማል። በዚያ ላይ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ያሳንሳል። ለጨጓራ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ። እንግዲህ የዓመቱን ግማሽ የሚጾም፣ ያረጀና የስኳር መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሦስቱም ተደራርበውበታል ማለት ነው። በየቤታችን ስንት እንደዚህ ዓይነት እናት አለች! ቢ12 ሲያንስ መርሳት፣ መደናገር፣ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ይመጣል። እማዬ ደግሞ «እግሬን ጉንዳን ይሄድብኛል» ካለች ቆይታለች።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ቢ12ዋ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ታይሮይዷ ደህና ነበር። ታይሮይድ ሲደክምም ሰው ይረሳል፤ ድብርትም መርሳት መስሎ ይመጣል። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አንዳንድ እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የማሳከክ ክኒኖችም አረጋውያንን ያደናግራሉ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እናታችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን በቃል እነግረዋለሁ አትበሉ።

እማዬ የቢ12 መርፌ ጀመረች። ከጥቂት ወራት በኋላ ጉንዳኑ ቀነሰ፣ ፊቷም ነቃ አለ። የነፍስ አባቷ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ አስረድተዋት ነበር። መርፌውን ተቀበለች እንጂ ጾሟን አልፈታችም፤ እኔም አልተከራከርኳትም። መርሳቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። የጭንቅላት ምስል ስትነሳ፣ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረው ግፊት በአንጎሏ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደጎዳቸው ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ አሳየን።

የጥብስ ቅጠሉን ያነሳሁበት ያኔ ነው። አልሳቀብኝም። «በወጥ ልክ ከሆነ ቅጠሉን ጨምሪላት። ጨውን ግን ቀንሺ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ስለ ጥብስ ቅጠል ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉ የደነቀኝ በ2012 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 75 የሆነ 28 ሰዎች ደርቆ የተፈጨ የጥብስ ቅጠል በቲማቲም ጭማቂ እየተበጠበጠ ተሰጣቸው። መጠኑ በየዙሩ ይለያያል። ትንሹ 750 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያለ እስከ 6,000 ይደርሳል። ትንሹን ሲወስዱ፣ ማለትም ሰው ምግብ ላይ ከሚነሰንሰው ጋር የሚቀራረበውን፣ ያዩትን ነገር አስታውሰው የመመለስ ፍጥነታቸው ተሻሻለ። ትልቁን ሲወስዱ ግን ባሰባቸው። ልብ በሉ፤ ያው ቅጠል ነው፣ ያው ሰው ነው። በቁንጥር ረዳ፣ በማንኪያ ሲከመር ጎዳ። ጥናቱ የጥቂት ሰዎች ነው፤ የለካውም የሰዓታት ለውጥ እንጂ የዓመታት አይደለም። ስለዚህ ብዙ አልመካበትም። ቢሆንም ቀቅለው በትልቅ ብርጭቆ የሚገለብጡትን ሰዎች ሳይ ይሄ ጥናት ይመጣብኛል።

ቪዲዮዎቹ የሚነሱት ከሌላ ዜና ሳይሆን አይቀርም። የጥብስ ቅጠል ውስጥ ካርኖሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቅባት ቶሎ እንዳይበላሽ ስለሚከላከል፣ አውሮፓ ውስጥ ከቅጠሉ ተጨምቆ የሚወጣው ነገር ኢ392 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት ምግብ ማቆያ ሆኖ ይገባል። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስክሪፕስ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ይህን አሲድ ቶሎ በማይበላሽ መልክ ሠርተው አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ የመሰለ ችግር ላለባቸው አይጦች ሰጡ። የአይጦቹ ማስታወስ እንደተሻሻለ በ2025 አስታወቁ። ደስ ይላል፤ እኔም በጉጉት ነው የምጠብቀው። ግን አንደኛ፣ አይጥ ነው። ሁለተኛ፣ የተሰጣቸው ላብራቶሪ የሠራው ነገር ነው እንጂ ጥብስ ላይ የሚነሰነሰው ቅጠል አይደለም።

የበሶብላም ወሬ ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ከበሶብላ ወገን በሆኑ ቅጠሎች ውስጥ ያለ ፌንኮል የሚባል ንጥረ ነገር የነርቭ ሴሎችን ከጉዳት እንደተከላከለ የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2021 ጽፈዋል። ያም በላብራቶሪ ነው።

እርድ ትንሽ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው ላይ ተሞክሯል። በ2018 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ከ51 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን 40 ሰዎች ለ18 ወር ተከታትሏል። በቀን ሁለት ጊዜ 90 ሚሊግራም ኩርኩሚን፣ ማለትም የእርዱን ቢጫ ንጥረ ነገር፣ የወሰዱት በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። ችግሩ፣ የተሰጣቸው ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበለው ተብሎ የተዘጋጀ ኩርኩሚን መሆኑ ነው። ተራው እርድ ሲበላ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ከቅባትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲሆን ይሻላል። አልጫ ላይ ቁንዶ በርበሬ የምጨምረው ለዚህ ነው፤ ጣዕሙም አያስጠላም።

ይህን ሁሉ አንብቤ ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው ስለ ቅመምና ስለ ጨው የተሠራ ጥናት ያገኘሁት። በ2015 የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ 55 ሰዎች ለአራት ሳምንት ጨው ያነሰበት ምግብ እየተሰጣቸው ቆዩ። ከዚያ ግማሾቹ ለ20 ሳምንት በቅጠልና በቅመም ማብሰልን እየተማሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ግማሾቹ በራሳቸው ተወጡት ተባሉ። ቅመም የተማሩት ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም የሚባል ንጥረ ነገር በቀን ወደ 950 ሚሊግራም ገደማ አሳንሰው በሉ። ይህ በጨው ሲመነዘር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ 5 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ከአንዱ ማንኪያ ላይ ግማሽ ማንኪያ ማዳን ቀላል ነገር አይደለም።

ጨው ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? ግፊቱ ነው የሚያገናኛቸው። በ2019 የወጣ፣ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው ከ120 በታች እንዲሆን በመድኃኒት ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች፣ ከ140 በታች ይበቃል ከተባሉት ጋር ሲነጻጸሩ መለስተኛ የማስታወስ ችግር 19 በመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዝርዝር ላይ ደግሞ፣ ሊስተካከሉ ከሚችሉት 14 የመርሳት በሽታ ምክንያቶች አንዱ ከፍተኛ ግፊት ነው። ስኳር አለበት፣ አለመንቀሳቀስ አለበት፣ ጆሮ መድከም አለበት፣ ብቸኝነትም አለበት። እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል።

የሐኪሙ ሁለት ትእዛዞች አንድ ሆነው የታዩኝ ያኔ ነው። ቅጠሉ ሲጨምር ጨው ይቀንሳል። ጨው ሲቀንስ ግፊቱ ይረጋጋል። ግፊቱ ሲረጋጋ የአንጎል ደም ሥር ይተርፋል። ካርኖሲክ አሲዱ ወደፊት መድኃኒት ይሁን አይሁን ሳይንቲስቶቹ ይጨነቁበት።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ።

መጀመሪያ ጨው የሚደበቅበትን ፈለግሁ። ጨው የሚገባው ከጨው ዕቃው ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለ፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው አለ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ አዋዜው ውስጥ አለ። የሾርባ ኩብ የሚባለው ዋና ሥራው ጨው ነው። ዳቦውም ውስጥ አለ። ስለዚህ የዓመቱን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጨን። ባልትና የምትሸጥልን ሴት «ያለ ጨው ይነቅዛል» ብላ ተከራክራኝ ነበር። በደንብ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ሲቀመጥ እስካሁን ምንም አልሆነም። ኩቡን ጨርሶ አስወጣሁት።

ከዚያ የቡና ስኒዋ ዘዴ። ጠዋት ጠዋት ለቤቱ ሰው ሁሉ ለቀኑ የሚበቃውን ጨው ለክቼ በአንዲት ሲኒ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ለሦስታችን ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ያልተከመረ። ትልቁ የጨው ዕቃ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እማዬ ማብሰል አላቆመችም፣ እንድታቆምም አልፈለግኩም። ረስታ ሁለቴ ብትጨምርም የምትጨምረው ከሲኒዋ ነው፤ ካለቀ አለቀ። «ጨው ጨመርሽ እኮ!» እያሉ ከመጨቃጨቅ ገላግሎናል። ይህቺን ዘዴ መርሳት የሚያጠቃው ሰው ላለበት ቤት ሁሉ እመክራለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ አልጣማትም። «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ትለኝ ነበር ሽሮውን እየቀመሰች። እውነቷን ነው። ጨው ብቻ ቀንሶ ዝም ማለት አይሠራም፤ የሚተካው ነገር መኖር አለበት። ምላስ የቀነሰ ጨው ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እስከዚያ የሚያታልለው ጠረን ነው።

ለጾሙ ወጥ ዘይቱን አነጥረዋለሁ። ብዙ ቤት የጾም ቅቤ የሚሉት ነው። ዘይቱን በጣም በዝቅተኛ እሳት ላይ እጥዳለሁ። ኮሰረት፣ ደረቅ በሶብላ፣ ጥቂት አብሽ፣ ሸክሸክ የተደረገ ኮረሪማና ቁንጥር እርድ እጨምርበታለሁ። ዘይቱ መፍላት የለበትም። ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ላይ ትንንሽ አረፋ ሲያወጡና ሽታው ሳሎን ሲደርስ አወርደዋለሁ። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ሽሮው ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ከዚህ ጣል ማድረግ ነው። ከዚያ በላይ ደረቅ በሶብላ በሁለት መዳፍ መሀል ታሽቶ ይነሰነሳል። በሶብላ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ነው ቦታው።

ጥብስ ላይም እንደዚሁ። ሥጋው ሲደርስ ቅጠሉ ይገባል፣ ይከደናል፣ እሳቱ ይጠፋል። ጎመን ላይ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ቃሪያውን አበዛለሁ፤ ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሎሚ የጨውን ቦታ ይሸፍናል። ምስር ላይ ነጭ አዝሙድና ኮረሪማ። እርድ የምገዛው ሳይፈጭ ነው፣ ቤት አስፈጭተዋለሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ እርዱ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይጨመርበት እንደነበር ካነበብኩ ወዲህ የተፈጨ አልገዛም። እርሳስ ደግሞ የአንጎል ጠላት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ጨው ይበዛባት የነበረው በመርሳቷ ብቻ አይደለም። በአልዛይመርና በመሳሰሉት በሽታዎች ማሽተት ቀድሞ ይደክማል፤ ሽታ የደከመበት ሰው ምግብ ሁሉ አልጫ ይሆንበታል። እማዬ ሽንኩርት ሲያርር አጠገቡ ቆማ አይሸታትም። ኮሰረት ግን መዳፏ ላይ አሽቼ ወደ አፍንጫዋ ሳስጠጋላት ይገባታል። የማሽተት ነርቭ አንጎል ውስጥ ከማስታወስና ከስሜት ቦታዎች ጋር የቅርብ ጎረቤት ነው። አንዴ ኮሰረቱን አሽትታ የወንድሟን ሠርግ ቅቤ ማን እንዳነጠረው፣ ስንት ቅል እንደነበር፣ ማን ሰርቆ እንደላሰ አንድ በአንድ አወራችን። ጠዋት የበላችውን ግን አታውቅም። ቅጠሉ አዳናት ማለቴ አይደለም፤ ያ ቀን ግን ደስ ብሏት ዋለች።

ሥራም ሰጥቷታል። የጥብስ ቅጠል መልቀም የእሷ ድርሻ ነው። ዘንጉን ጫፉን በግራ እጇ ትይዝና በቀኝ ሁለት ጣቶቿ ወደ ታች ስባ ታወርደዋለች፤ ቅጠሉ አንድ ላይ ጠረር ብሎ ይራገፋል። እኔ እንደ እሷ አልችልበትም፣ ግማሹ ዘንጉ ላይ ይቀርብኛል። እጅ የለመደው ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚረሳው፤ ሐኪሙም «የምትችለውን አትቀሟት» ብሎናል። ስለዚህ በሶብላ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ቅመም ትለቅማለች። ጎረቤት ሲመጣ አብሮ ይለቀማል፣ ወሬም አለ። ብቸኝነት ከአሥራ አራቱ ምክንያቶች አንዱ ነው አላልኳችሁም?

አሁን ማስጠንቀቂያው። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ነገር ያናድደኛል። ወጥ ውስጥ የሚገባው መጠን ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሲቀቀል፣ ሲጨመቅ፣ በእንክብል ሲታሸግ ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የእርድ፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል እንክብል ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካ፤ ደም ሊያፈስ ይችላል። ጎመን እንኳ ለእሱ አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ምንም መሆን የለበትም። አብሽ በብዛት ሲጠጣ ስኳር ያወርዳል። የስኳር መድኃኒት ላይ ሲደረብ ደግሞ ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም በብዛት ከመጠጣት ትቆጠብ፣ ጽንስ የማስወረድ ጠባይ አለው። በጠብታ የሚሸጠው የጥብስ ቅጠል ዘይት ለመሽተት ነው እንጂ አይጠጣም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ ይራቀው። ከሁሉም በላይ በቅጠል ተማምኖ የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ! ይህን ያደረገ የሠፈራችን ሰው ዛሬ ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም።

ስለ ጦስኝ የሚጠይቁኝም አሉ፤ የመንዝ ሰው ቤት ውስጥ ጦስኝ አይጠፋማ። እማዬ ጠዋት በሻይ መልክ ትጠጣዋለች፣ ያለ ስኳር። ግፊት ያወርዳል የሚሉት ጥናቶች አይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው። እኔ የምወደው ጣፋጩን ሻይ ስላስተዋት ነው።

እሷ ዛሬ እንዴት ናት? ግፊቷ አብዛኛውን ጊዜ 130 አካባቢ ይውላል፣ ሐኪሙም ደስ ብሎታል። መድኃኒቱም ተስተካክሎላታል፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ሠፈሩን ትዞራለች። ቢ12ዋ ሞልቷል። ስለዚህ የትኛው ምን ያህል እንደረዳት ለይቼ መናገር አልችልም። ወሬ መድገሟ አልቀረም። የልጅ ልጆቿን ስም አንዳንዴ ታቀላቅላለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ብዙም አልባሰባትም። ሐኪሙ ለዚህ ዕድሜና ለዚህ ሕመም ይሄ ጥሩ ነው አለን።

ለመትከል ለምታስቡ፦ በረንዳ ካለ ይበቃል። የጥብስ ቅጠል ከዘር ማብቀል ልብ ያደርቃል፤ ካለው ሰው ዘንግ ለምኑ። ስንዝር የምትሆን፣ ገና ያልጠነከረች ዘንግ ቆርጣችሁ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉና አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ትከሉ። የተቆረጠ ጄሪካን ይሆናል፣ ሥሩ ግን ይበሳ። ፀሐይ ይወዳል። የሚሞተው በጥማት ሳይሆን ውሃ ሲበዛበት ነው፣ አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጡት። በሶብላ ከዘር ቶሎ ይበቅላል። አናቱን ቶሎ ቶሎ ከቆረጣችሁት ይንዠረገጋል፤ አበባ ካወጣ በኋላ ቅጠሉ ይከሳል። ስታደርቁት በጥላ ይሁን፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። መርሳት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ የማጠጫውን ቀን ግድግዳው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። እኛ ቤት ረቡዕና ቅዳሜ ነው።